ቺዚጉላ፦ በጁባ ወንዝ ዳር የቀረው የባንቱ ቋንቋ

ሶማሊያ ውስጥ ሁሉም ሰው አፉን የፈታው በሶማሊኛ ይመስላችኋል? አይደለም። ደቡብ ሶማሊያ፣ ጁባ ወንዝ ዳር፣ ከስዋሂሊ ጋር የሚዛመድ የባንቱ ቋንቋ የሚናገሩ ገበሬዎች አሉ። ወንዙ ደግሞ ለኛም ሩቅ አይደለም፤ ከአገራችን የሚነሱት ገናሌና ዳዋ ዶሎ ላይ ተገናኝተው ነው ጁባ የሚሆኑት።

👉 እነማን ናቸው?
ራሳቸውን ዋዚጉላ ይላሉ። ሌሎች ሙሹንጉሊ ይሏቸዋል። መነሻቸው ሰሜን ምሥራቅ ታንዛኒያ፣ ሃንዴኒ አካባቢ ነው።

👉 እንዴት ሶማሊያ ደረሱ?
በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባሪያ ንግድ። በአፈ ታሪካቸው በረሃብ ዘመን “ሥራ አለ” ተብለው ተታለው በመርከብ ተጫኑ፤ ሲደርሱ ግን የእርሻ ባሪያ ሆኑ። በኋላ ዋናኩቻ የምትባል ሴት እየመራቻቸው አመለጡ ይላሉ። አገራቸው ለመግባት ቢነሱም ጎሻ በሚባለው የጁባ ጫካ ቀሩ፤ መንጥረው በቆሎ ማረስ ጀመሩ።

👉 ቋንቋው እንዴት ነው?
እኛ ቃል ስናበዛ መጨረሻው ላይ “ኦች” እንጨምራለን። እነሱ ለውጡን የሚያደርጉት ከፊት ነው። አንድ ሰው ምዚጉላ፣ ብዙ ሲሆኑ ዋዚጉላ፣ ቋንቋው ቺዚጉላ። “ቺ” እንደኛ “ኛ” መሆኑ ነው። ስዋሂሊ የሌለው ነገርም አለው፤ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ።

👉 ከ1991 በኋላስ?
የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ታጣቂዎች እህላቸውን ዘረፉ፣ መሬታቸውን ነጠቁ። በመልካቸውና በባሪያ ዘርነት ይናቁ ስለነበር የሚከላከልላቸው ጎሳ አልነበረም። ብዙዎች ወደ ኬንያ፣ ዳዳብ ካምፕ ሸሹ። ከ2003 ጀምሮ 12 ሺህ ገደማ የሶማሊያ ባንቱዎች አሜሪካ ገቡ፤ ከነሱ ውስጥ ዋዚጉላም አሉ። ሌሎች ደግሞ ታንዛኒያ፣ እዚያው ሃንዴኒ ተመለሱ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ተለያይተውም ከአገሬው ሰው ጋር በቋንቋቸው ተግባቡ። ታንዛኒያም ለብዙዎቹ ዜግነት ሰጠች።

👉 አሁን ምን ያሰጋል?
ሶማሊያ ውስጥ የትምህርቱም የቢሮውም ቋንቋ ሶማሊኛ ነው፤ አሜሪካ የሚያድጉትን ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛ ወስዷቸዋል። አያት በቺዚጉላ ትጠይቃለች፣ የልጅ ልጅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ውጭ ያደጉ ዘመዶች ያሉት ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ባርነትና ጦርነት ያላጠፉትን ቋንቋ ዝምታ እንዳያጠፋው ነው ስጋቱ።

እናንተስ፣ አያቶቻችሁ የሚናገሩት እናንተ ግን የማትችሉት ቋንቋ አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።