ከፈተናው በፊት፦ የልዩ ትምህርት ምዘና አጭር ታሪክ

ልዩ እርዳታ የሚያሻቸውን ሕፃናት በመለኪያ የመለየት ሥራ በሰፊው የታወቀው ከፓሪስ ተነሥቶ ነው። አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጡት መለኪያ ዓላማው በመደበኛው ክፍል ትምህርት ለከበዳቸው ሕፃናት ተስማሚ ትምህርት ለመስጠት ነበር። ቢኔ የሰው የማሰብ ችሎታ አይለወጥም የሚለውን አስተሳሰብ አጥብቆ ተቃውሟል።

መለኪያው ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ግን በአመዛኙ ሰውን በደረጃ መመደቢያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1979 በካሊፎርኒያ የተቀመጠ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ጥቁር ሕፃናት በዚህ ዓይነት ፈተና ያላግባብ ወደ ልዩ ክፍል ይላኩ እንደነበር በይኗል።

በአገራችን የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለልዩ ትምህርት ቦታ ሰጥቷል፤ በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ተከትሏል። ይሁንና ከውጭ የመጣ ፈተና በሌላ ቋንቋና ኑሮ የተቀረጸ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የባቡር ሐዲድና ፋብሪካዎች ከልዩ ልዩ አካባቢ ሠራተኛ ባሰባሰቡበት እንደ አቃቂ ቃሊቲ ባለ ሥፍራ፣ የቤትና የትምህርት ቤት ቋንቋ ሊለያዩ ይችላሉ። ዝም ያለው ሕፃን ቋንቋው ከብዶት ወይም የመምህሩ ድምፅ ሳይሰማው ቀርቶ ይሆናል።

ስለሆነም የሥነ ልቡና ባለሙያው አስቀድሞ የሕፃኑን ዓይንና ጆሮ ማስመርመር፣ ወላጆችን መጠየቅ፣ በክፍል ውስጥ መመልከትና የመምህሩን ማስታወሻ ማንበብ ይገባዋል፤ ፈተናው ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሪፖርቱም ሕፃኑ በምን መንገድ እንደሚማር ለመምህሩ ካላመለከተ፣ ምዘናው የሚተርፈው ለስም መለጠፊያ ብቻ ነው።