መሣሪያ መያዝን ግዴታ ያደረገው የከተማ ሕግ

የአገሮች ሕግ ስለ ጦር መሣሪያ ሲናገር በአመዛኙ ማን ሊይዝ እንደማይገባው፣ የሚይዘውም በምን ፈቃድ እንደሚይዝ የሚወስን ነው። ሕግ ራሱ ተነሥቶ «ታጠቅ» ሲል ዜጋውን የሚያስገድድበት ጊዜ ጥቂት ነው። በዩናይትድ ስቴትስ፣ በጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኘው ኬነሶ ግን በማርች 15 ቀን 1982 ይህን አደረገች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ጊዜ 5 ሺህ ያህል ሕዝብ የነበራት የዚህች ከተማ ምክር ቤት፣ በክልሉ የሚኖር ማንኛውም የቤተሰብ ኃላፊ አንድ የጦር መሣሪያ ከነጥይቱ በቤቱ እንዲያኖር ደነገገ። ከዚያም ወዲህ «የታጠቀ ቤት ሌባን ያርቃል» የሚለው ሐሳብ በተነሣ ቁጥር የኬነሶ ስም ይጠቀሳል።

እንዲህ ያለው ግዴታ በታሪክ አዲስ አይደለም። የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ በ1181 ነፃ ሰዎች ሁሉ እንደ ሀብታቸው መጠን የጦር ዕቃ እንዲይዙ አዘዘ። በ1285 የወጣው የዊንቸስተር ሕግም ከ15 እስከ 60 ዓመት ዕድሜ ያለው ወንድ ሁሉ እንደ ንብረቱ እንዲታጠቅ ከማዘዙ በላይ፣ የወንበዴ ጩኸት ሲሰማ ሕዝቡ ተከታትሎ እንዲይዝ ያስገድድ ነበር። የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን መደበኛ ፖሊስም ሆነ ቋሚ ሠራዊት አልነበረም፤ ስለዚህ ትጥቁ የተፈለገው ለጋራ አገልግሎት እንጂ እያንዳንዱ የየራሱን ደጅ እንዲጠብቅበት ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1792 ባወጣው የሚሊሺያ ሕግ ከ18 እስከ 45 ዓመት ያለው፣ ጤነኛና ነፃ የሆነ ነጭ ወንድ ዜጋ በ6 ወር ውስጥ በራሱ ወጪ ጠመንጃ እንዲገዛ አዘዘ። ትእዛዙ ግን በሚገባ ሳይፈጸም ስለቀረ፣ መንግሥት በ1808 ሚሊሺያውን ለማስታጠቅ በየዓመቱ 200 ሺህ ዶላር መመደብ ግድ ሆነበት። የቀድሞው ሥርዓት በ1903 በሌላ ሕግ ተተካ። ከዚህ እንደምንረዳው፣ መሣሪያ የማስያዝ ግዴታ ቁጥጥርና ወጪ ካልተመደበለት በወረቀት ላይ የሚቀር ነው።

የኬነሶ ድንጋጌ የተወለደው ከሌላ ከተማ ጋር በተደረገ ክርክር ነው። በኢሊኖይ ግዛት የምትገኘው ሞርተን ግሮቭ በ1981 በቤት ውስጥ ሽጉጥ መያዝን ከለከለች፤ ኬነሶም ተቃራኒውን በመደንገግ መልስ ሰጠች። ነገር ግን ከግዴታው ነፃ የሆኑት ብዙዎች ናቸው፦ አካላዊ ወይም አእምሯዊ ጉድለት ያለባቸው፣ ድሆች፣ በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው፣ እንዲሁም እምነታቸው ወይም ሃይማኖታቸው መሣሪያ መያዝን የማይፈቅድላቸው ሁሉ። ከተማይቱም በዚህ ድንጋጌ ማንንም ከሳ አታውቅም። ሞርተን ግሮቭ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 በሰጠው ውሳኔ ምክንያት እገዳዋን በዚያው ዓመት ስታነሣ፣ የኬነሶ ድንጋጌ ግን በመዝገብ ላይ ጸንቶ ቆየ።

ታዲያ ድንጋጌው ወንጀልን ቀንሷልን? የወንጀል ጥናት ሊቅ የሆነው ጋሪ ክሌክ በ1988 እንዳመለከተው፣ ሕጉ በወጣ በ7 ወራት ውስጥ በመኖሪያ ቤቶች የተፈጸመው ሰብሮ ስርቆት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት 45 ወደ 5 ወርዷል፤ ይኸውም የ89 በመቶ ቅናሽ ነው። ቁጥሩ አስደናቂ ነው። ሆኖም ዴቪድ ማክዳዎልና ሁለት ባልደረቦቹ በ1989 ባቀረቡት ጥናት የብዙ ዓመታቱን ቁጥር በተከታታይ ሲመረምሩ፣ ለሕጉ ሊሰጥ የሚችል ቅናሽ አላገኙም። ለንጽጽር የተወሰደው 1981 ስርቆቱ ከወትሮው የበዛበት ዓመት ነበር። የአንድን ወንዝ ሙላት በአንድ ክረምት ልኬት ብቻ የሚወስን መሐንዲስ ድልድዩን ከመጠን በላይ ያስረዝመዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ውኃው ቢጎድልም ወንዙን የገታው ድልድዩ ነው ብሎ ሊናገር አይችልም። በትንሽ ከተማ ያለ ትንሽ ቁጥርም ያለ ምንም ሕግ ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርም።

በደጋፊዎቹ በኩል ያለው ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሌባ የትኛው ቤት እንደታጠቀ ካላወቀ ሁሉንም ይፈራል ይላሉ። ይህ እውነት ከሆነ ግን ሌባውን የሚያርቀው ወሬው እንጂ ጠመንጃው አይደለም። በዚያ አካባቢ መሣሪያ መያዝ ከሕጉም በፊት የተለመደ ስለነበር፣ ድንጋጌው በየቤቱ የጨመረው ትጥቅ ብዙ ነው ለማለት ያስቸግራል። በሌላ በኩል ቤት ሰባሪ የሚመርጠው ሰው የሌለበትን ቤት ነው፤ ባዶ ቤት ውስጥ ያለ መሣሪያ ደግሞ ራሱ የሚሰረቅ ንብረት ይሆናል። መሣሪያ ባለበት ቤት ራስን የማጥፋት አደጋ ከፍ እንደሚልም በተደጋጋሚ የተደረጉ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ሕግ አንድን ነገር በየቤቱ እንዲገባ ሲያዝ፣ ከውጭ የሚመጣውን ሌባ ብቻ ሳይሆን በውስጥ ያለውን ልጅና በኀዘን የተጎዳውንም ሰው ማሰብ ይኖርበታል።

እንግዲህ ከኬነሶ የሚገኘው ትምህርት ሕጉ ስለመሥራቱ ወይም ስላለመሥራቱ ከሚሰጠው ቀላል ፍርድ የሰፋ ነው። መታጠቅን ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፦ ወይ መፈጸሙን ለማረጋገጥ «አስከብራለሁ» ባለው ቤት ውስጥ ገብቶ መፈተሽ፣ ወይም ሳይፈትሽ ቀርቶ መፈክር ሆኖ መኖር። ኬነሶ ሁለተኛውን መርጣለች። ዛሬ ከ33 ሺህ በላይ ነዋሪ ያላት ይህች ከተማ ጸጥታዋን የምትጠብቀው፣ እንደ ማንኛውም ከተማ፣ ፖሊስ ቀጥራና ፍርድ ቤት አቋቁማ ነው።