ረጅም ሾፌርና የመኪናው ወንበር

ከባሕር ዳር ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በደጀን አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባ ሾፌር ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። በመካከሉ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ85 የሚያልፍ ሰው ይህን መንገድ በቪትዝ ወይም በድሮ ኮሮላ ሲጓዝ ችግሩ ድካም ብቻ አይደለም። ጉልበቱ መሪው ሥር ስለሚጠብበት እግሩን ከነዳጅ መስጫው ወደ ፍሬኑ ቶሎ ማዛወር ያቅተዋል። ቁልቁለት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ወንበሩን ነቅሎ ወደኋላ መውሰድ ነው። ከዚያ በፊት ግን ወንበሩ ሐዲዱ መጨረሻ መድረሱን ያረጋግጡ፤ የታጠፈ ምንጣፍ ወይም ወንበር ሥር የገባ ዕቃ ሊያግደው ይችላል። መሪው ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነም ከፍ ያድርጉት። ጀርባዎን ወንበሩ ላይ አሳርፈው ክንድዎን ሲዘረጉ የእጅዎ አንጓ መሪው አናት ላይ ካረፈ ርቀቱ ትክክለኛ ነው። ወንበሩ ከዚያ በላይ ቢርቅ እግር ይመቸዋል፣ እጅ ግን መሪው ላይ አይደርስም።

ቀላሉ ሥራ ስፖንጅ ማሳነስ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ የመቀመጫውን ስፖንጅ ማሳነስ ለጭንቅላት ቦታ ቢሰጥም ጉልበትን ይበልጥ ወደ ላይ ያነሳል። ለጉልበት የሚጠቅመው የጀርባ መደገፊያውን ስፖንጅ ማሳሳት ነው፤ ዳሌው ወደኋላ ይሄዳልና። ወንበሩ ጎን ላይ የኤርባግ ምልክት ካለ ግን ልብሱም ስፖንጁም አይነካ፤ ኤርባጉ የሚወጣው ስፌቱን ቀዶ ነው።

ይህ ካልበቃ ወንበሩ በሚታሰርባቸው የፋብሪካ ቀዳዳዎች ላይ ወፍራም ብረት በብሎን አስሮ ሐዲዱን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደኋላ ማሳለፍ ይቻላል። ብረቱ ቀላል ሥራ አይደለም የሚጠብቀው። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 17 መሠረት የወንበር ማሰሪያ የመሬት ስበትን 20 እጥፍ መቋቋም አለበት። 20 ኪሎ የሚመዝን ባዶ ወንበር በግጭት ጊዜ እንደ 400 ኪሎ ይስባል ማለት ነው። የቀበቶው መቆለፊያ ወንበሩ ላይ ከተገጠመ ደግሞ የሾፌሩም ክብደት ይጨመርበታል። ስለዚህ ብሎኑ ከፋብሪካው የማይቀጥን፣ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ያለበት ይሁን። ሐዲዱን መበየድ ፈጽሞ አይገባም፤ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያበላሻል። በወለሉ ስስ ላሜራ ላይ የተሰረሰረ አዲስ ቀዳዳም ከሥር ማጠናከሪያ ብረት ከሌለው ይቀደዳል። ጣና ዳር ክረምቱን የከረመ አሮጌ መኪና ከሆነ ምንጣፉን አንስቶ ዝገት መፈለግ ይቀድማል።

ወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ካለ የኤርባግ ነው፤ ባትሪውን ፈትቶ ጥቂት ደቂቃ ሳይጠብቁ አይነቀልም። ወንበሩ ወደኋላ ሲሄድ ከምሰሶው የሚመጣው ቀበቶ ትከሻ ላይ ማረፉን ከተወ ደግሞ ሥራው ከሽፏል ማለት ነው።

ሁሉም መኪና ለዚህ አይመችም። የሃይስ ሚኒባስ ሞተር ጋቢናው ወንበር ሥር ነው፤ ሾፌሩ ወደኋላ ከሄደ የተሳፋሪውን እግር ይወስዳል። አይሱዙ ላይ ደግሞ ከወንበሩ ጀርባ ያለው የጋቢናው ግድግዳ ነው። የባሕር ዳርን ጎዳናዎች የሞላው ባጃጅ የወንበር ሐዲድ ጨርሶ የለውም። ለረጅም የባጃጅ ሾፌር ወፍራም መቀመጫ ጉልበቱን ያፍታታለታል፤ ነገር ግን ጭንቅላቱ ወደ ጣሪያው ይጠጋና የፊቱን እይታ ይቀንስበታል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወቃል። በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በአብዛኛው ባትሪያቸው ወለሉ ሥር ነው። የእነዚህን ወለል በትራፓኖ መብሳት ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ ስፖንጁ ካልበቃ ሌላ መኪና መምረጥ ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፤ ጉልበትዎ ያኔም በመጠኑ መታጠፍ አለበት። ለውጡን ለመድን ድርጅትዎ ማሳወቅ አይርሱ። ጎንደር ደርሰው ሲመለሱ ደግሞ ብሎኖቹን እንደገና ያስጠብቋቸው።