የቴምብር ካታሎግና የጠረፍ ታሪክ

የቴምብር ካታሎግ የዋጋ ዝርዝር ብቻ ቢመስልም፣ የምዕራፎቹ ርእሶች የመንግሥታትን ታሪክ ይናገራሉ። ለዚህም ጠረፍ ላይ ያለችው ሞያሌ ጥሩ ምሳሌ ናት። በኬንያው ወገን፣ በጎልቦ በኩል፣ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያገለገለው ቴምብር የሚገኘው «ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንጋኒካ» በሚለው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ምዕራፍ ነው።

«ኢትዮጵያ» የሚለው ምዕራፍ ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ፓሪስ በታተሙት ቴምብሮች ይጀምራል። ሆኖም ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ያወጣው ቴምብር የለም። በ1930 ዓ.ም. የወጣው «የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ» የሚለው ቴምብር ነው። ክፍተቱ ራሱ የወረራው ምስክር ነው።

ስለዚህ የታሪክ መምህራን ተማሪዎቻቸውን «ይህ ቴምብር ስንት ያወጣል?» ከማለት ይልቅ «በማን ስም ወጣ? ለምን?» ብለው ቢጠይቁ ትምህርቱ ይበልጥ ፍሬ ይሰጣል።