ቤዙ በየት በኩል ገባ?

የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች ሲነሱ የወሎ ስም አብሮ ይነሳል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የማይታወቁበት ቤት የለም፤ ሁለቱማ ስማቸውም የወሎ ነው፤ ባቲ ከገበያዋ ከተማ፣ አምባሰል ከተራራው። ቤዝ ግን ከወሎ አልመጣም። ከመካነ ሰላም ተነስቶ በቦረና፣ በሳይንት፣ በወግዲና በከላላ ደጋዎች የሚዞር ሰው መሰንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ይሰማል። መንዙማ ባለበት ድቤ ይመታል፤ ከተድባበ ማርያም ጀምሮ ባሉት ደብሮች ከበሮው አለ። ከዘፋኙ ድምፅ ሥር እየሄደ ቅኝቱን የሚሸከም፣ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ግን በሰርግና በጠጅ ቤት ዘፈን ውስጥ አልነበረም።

በገና ወፍራም ነው የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ግን በገና የጸሎትና የጾም መሣሪያ ነው፣ ለጭፈራ አይወጣም። አዝማሪውም ቢሆን ቤዝ ጎደለኝ ብሎ አያውቅም። መሰንቆው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ አለው፤ የሚጫወተውም አዝማሪው የሚዘፍነውን ዜማ ራሱን ነው፤ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጥቂት ዘግየት ብሎ፣ ጌጥ እየጨመረ። ሙሉ ሙዚቃ ነው። ከሥሩ ሌላ ድምፅ ማስገባት የተፈለገው በኋላ፣ በከተማ፣ በሌላ ዓይነት ባንድ ነው።

በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች በየክፍለ ሀገሩ ሲደራጁ የደሴው ላሊበላ ኪነት እንደ ማሪቱ ለገሰ ያሉ ድምፃውያንን ለአገር አስተዋወቀ። የአምባሰል ዜማ ከመሰንቆ አልፎ ከመድረክ ባንድ ጋር መዘፈን ሲለመድ አንድ ጥያቄ ተከተለ፦ አራት አውታር ያለው፣ አንገቱ በብረት የተከፋፈለ ቤዝ ጊታር ከዚህ ቅኝት ጋር እንዴት ይኑር?

ጥያቄው በአዲስ አበባ ቀድሞ ተነስቶ ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች የታችኛውን ድምፅ በነሐስ መሣሪያና በኮንትራባስ ያስኬዱት ነበር። ፌንደር አሜሪካ ውስጥ ፕሪሲሽን ቤዝን እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ካወጣ በኋላ ግን ኤሌክትሪክ ቤዝ ዓለምን አዳረሰ፤ የአዲስ አበባ ሆቴሎችም አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አይቤክስ ባንድ ውስጥ ጆቫኒ ሪኮ፣ ዋልያስ ባንድ ውስጥ መላከ ገብሬ ቤዝ ይጫወቱ ነበር። የማህሙድ አህመድ «ኤሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ጋር ተቀርጾ በካይፋ ሪከርድስ ወጣ። ከዓሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ክራመድ ዲስክስ የተባለው የቤልጂየም ኩባንያ ለአውሮፓ አድማጭ ሲያቀርበው ጆሮ ከሚይዙት ነገሮች አንዱ ያ ሳይታክት የሚመላለስ ቤዝ ነበር። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆነ። ሮሃ የላሊበላ ጥንታዊ ስም ነው፤ ላሊበላም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ ስለዚህ ቤዙ ባይሆንም ስሙ ከወሎ ሄዷል ማለት ይቻላል።

ቀረጻው እንዴት ነበር? ዛሬ እንደምናውቀው ስቱዲዮ አልነበረም። አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1976 የመሣሪያ ሙዚቃውን የቀረጸው በራስ ሆቴል አዳራሽ፣ በብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ይሠራ በነበረ ስዊድናዊ ባለሙያ እገዛ ነው። ኃይሉ መርጊያና ዳህላክ ባንድ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን እ.ኤ.አ. በ1978 በጊዮን ሆቴል ቀረጹ። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ነበር፤ ባንዱም አድማጩም ሆቴል ውስጥ ተዘግቶበት የሚያድርበት ሌሊት ነበር። ማታ የሚጨፈርበት አዳራሽ ቀን ስቱዲዮ ይሆን ነበር፤ መሣሪያው እንደተተከለ ነበር፣ ባንዱም ተላምዷል።

እንዲህ ባለ አዳራሽ አስቸጋሪው ሁልጊዜ ቤዝ ነው። የመጨረሻው ወፍራም አውታር፣ ሲለቀቅ፣ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል። ከአምፕሊፋየሩ የወጣው ድምፅ ግድግዳ መትቶ ይመለሳል፤ በድራሙ ማይክ ይገባል፣ በዘፋኙም ማይክ ይገባል። አንዴ ከገባ ደግሞ ማንም አያወጣውም። የእነዚያ ካሴቶች ሙቀት የሚባለው ነገር ከፊሉ ይኸው ነው፦ ቤዙ በራሱ ማይክ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ማይክ ውስጥ ያለ መሆኑ። ያንን ድምፅ የሚወድ ሰው አልተሳሳተም። ዛሬ ሦስት በአራት በሆነች ክፍል ውስጥ አምፕ ከፍቶ ያንኑ ለማግኘት የሚሞክር ግን ጉምጉምታ ብቻ ይተርፈዋል፤ ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ አንዱን ኖታ ያሳብጣል፣ ሌላውን ያጠፋል።

መፍትሔው በሌላ አገር ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ዲትሮይት ውስጥ፣ በሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ጠባብ ስቱዲዮ፣ ጄምስ ጃመርሰን ቤዙን ያለ አምፕ በቀጥታ ወደ መቅረጫው እየሰካ ይጫወት ነበር። ኤድ ዎልፍረም የተባለ የዚያው ከተማ ኢንጂነር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በትራንስፎርመር የሚሠራ ትንሽ ሣጥን ሠራ። ለንደን ውስጥም የሙዚቃ ኩባንያው የኢ.ኤም.አይ ቴክኒሺያኖች የራሳቸውን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1967 ለቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» ቀረጻ የፖል ማካርትኒን ቤዝ በቀጥታ አስገቡ። የአገራችን ሙዚቀኛ ዛሬ «ዲ አይ» ብሎ የሚጠራው ሣጥን ይኸው ነው፦ ባንድ በኩል የጊታር ጃክ፣ በሌላው በኩል ባለ ሦስት እግር የማይክ መሰኪያ፣ መካከሉ ላይ ትራንስፎርመር ወይም ትንሽ ሰርኪዩት።

ጥቅሙ ምንድን ነው? የጊታር ፒክአፕ ማግኔት ላይ በሺህ ዙር የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ነው። የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው፤ ብዙ ቀጂ እንደሚረባረብበት ደካማ ምንጭ፣ የተሰካበት መሣሪያ ብዙ ከሳበው ይደርቃል፤ ከሁሉ በፊት የላይኛው ጥራት ይጠፋል። የማይክ መግቢያ ብዙ ይስባል፤ ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሺህ ኦም ያህል ብቻ ነው። ዲ አይ ሣጥን ለጊታሩ ከመቶ ሺህ ኦም በላይ ሆኖ ይታየዋል፤ ለሚክሰሩ ደግሞ ማይክ መስሎ ይቀርባል። በዚያው ላይ ድምፁን በሁለት ሽቦ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚልከው በመንገድ ገመዱ ላይ የተለጠፈው ጫጫታ መድረሻው ላይ ይሰረዛል። የጊታር ተራ ገመድ ከአምስት ስድስት ሜትር ሲያልፍ ድምፁ ይደበዝዛል፤ የማይክ ገመድ የአዳራሹን ርዝመት ቢሄድ ግድ የለውም።

እኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከቤዝ ኖታዎች መካከል የታችኛው ጂ 49 ኸርዝ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ከመብራት መስመር የሚገባው ጉምጉምታ ጊታሩ ውስጥ ካሉት ኖታዎች አንዱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያጉረመርማል፤ ከኖታው ጋር እየተጋጨም በዝግታ ይወዛወዛል። ማጣሪያ ልቁረጠው ቢሉ ኖታው አብሮ ይቆረጣል። ለዚህ ነው የግራውንድ መቁረጫ ማብሪያ ያለው ዲ አይ የሚመረጠው፤ በሁለት መሣሪያዎች መካከል የሚዞረውን የግራውንድ ቀለበት ይበጥሳል። አምፑ ላይ ያለውን የመሬት ሽቦ መቁረጥ ግን ሰው ይገድላል፤ ያንን የሚመክር ባለሙያ ካለ አይሰማ። ሶኬቱ ራሱ መሬት በሌለበት ቤት ደግሞ ማብሪያውም ብዙ አይረዳም፤ መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን መጥራት ነው።

ቤዙ በዚህ ሁሉ ተጣርቶ ንጹሕ ሲሆን ሌላ ችግር ይገለጣል፤ የወሎ ቅኝትም የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ቤዝ ተጫዋች ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣው ልማድ መነሻውንና አምስተኛውን ማፈራረቅ ነው፦ ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሶል። በትዝታ ይሠራል፣ በባቲም ይሠራል። በአምባሰልም ሶል አለ፤ ግን ከዶ ቀጥሎ ያለው በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚርቅ ቤዙ ሲንሸራተት ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንቺሆዬ ላይ ግን ሶሉ ግማሽ ድምፅ ወርዷል። የለመደውን ሶል የመታ ተጫዋች ቅኝቱን ያፈርሳል። በተጨማሪም የመሰንቆ ተጫዋች ጣቱን የሚያሳርፈው ጆሮው በነገረው ቦታ ነው፤ ጊታር ላይ ደግሞ ቦታውን ፋብሪካው ወስኖታል። በአዳራሽ ቀረጻ ልዩነቱ በግርግሩ ውስጥ ይሸፈን ነበር። በጥሩ ዲ አይ የገባ ቤዝ ግን ምንም አይሸፍንም፤ መሰንቆው ከፍ ማለቱ ወይም ቤዙ ዝቅ ማለቱ ፍጥጥ ብሎ ይሰማል። አምባሰልና አንቺሆዬን በንጹሕ ቤዝ መቅረጽ የፈለገ ሰው ፍሬት፣ ማለትም አንገቱን የሚከፋፍል ብረት፣ የሌለው ቤዝ ቢያስብ አይከፋም።

ይህ የቤዝ ጊታርና የቅኝት ሙግት ለዓመታት ተቋርጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኪቦርድ ሲመጣ ብዙ ካሴት ላይ የቤዝ ጊታር ቦታ በግራ እጅ ተያዘ። ርካሽ ነበር፣ ፈጣን ነበር፣ ማይክም አይፈልግም። ነገሩ ሁሉ መጥፎ ነበር ማለት አይደለም። ዋሽንግተን አካባቢ በስደት የነበሩት የአድማስ ባንድ ወጣቶች፣ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዮታና ሔኖክ ተመስገን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» ሲንተሳይዘርና ቤዝ ጊታር ጎን ለጎን እንዲኖሩ አድርገዋል። ቤዚስቱ ሔኖክ በኋላ አዲስ አበባ ተመልሶ ጃዝአምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤትን ካቋቋሙት አንዱ ሆነ፤ በግሩም መዝሙር አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት ውስጥም ኮንትራባስ ይዞ ቀርቧል። ኮንትራባስ ግን ዲ አይ ብቻውን አይበቃውም። የእንጨቱ አካል የሚያወጣውን ድምፅ የሚይዘው ማይክ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ገንዘብ አውጥቶ ለቤዝ ቀረጻ ዲ አይ የሚገዛ ሰው ምን ይመልከት? በመጀመሪያ ያለውን። ብዙ የኮምፒውተር ኢንተርፌስ ላይ የጊታር ምልክት ያለበት መግቢያ አለ፤ እሱ ውስጡ ዲ አይ ነው፤ በንጹሕ የሚሠራ ከሆነ ሌላ መግዛት ግድ አይደለም። የማይበቃ ከሆነ ትራንስፎርመሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። በርካሽ ሣጥን ውስጥ የሚገኘው ትንሽ ትራንስፎርመር የታችኛውን ኖታ በኃይል ሲመቱት ይጠግባል፤ ድምፁ ይወፍራል፣ ቅርጹንም ያጣል። ራዲያል ጄ ዲ አይ ውስጥ ያለው የጄንሰን ትራንስፎርመር የሚወደደው ከባድ ምት ስለሚችል ነው፤ መግቢያው 140 ሺህ ኦም ያህል ነው፣ መብራትም አይፈልግም። የራሱ ባትሪና ፕሪአምፕ ላለው ቤዝ ከዚህ የተሻለ ለማግኘት ይከብዳል። ባትሪ ለሌለው፣ አሮጌ ፒክአፕ ላለው ጊታር ደግሞ ከሚክሰሩ 48 ቮልት የሚወስድ አክቲቭ ሣጥን የላይኛውን ጥራት ይበልጥ ይጠብቃል። ሱቅ ውስጥ መፈተኛው ቀላል ነው፦ ወፍራሙን አውታር ሳይያዝ በኃይል መምታትና እስኪጠፋ ማዳመጥ።

ለቤዝ ክራር ግን ሒሳቡ ይለያል። የባህል ባንዶች ትልቁን ክራር ሲያሰሙ ብዙ ጊዜ ቆዳው ላይ የፒዬዞ ፒክአፕ ይለጥፋሉ። ፒዬዞ ከጊታር ፒክአፕ ይበልጥ ደካማ ምንጭ ነው፤ በትራንስፎርመር ሣጥን ቢሰካ የታችኛው ድምፅ ይከስምና ጥርስ ጥርስ የሚል ቀጭን ድምፅ ይቀራል፤ ተጫዋቹም መሣሪያው ይወቀስበታል። ካንትሪማን ታይፕ 85 የተባለው ዲ አይ የተወደደው በዚህ ነው፤ መግቢያው 10 ሚሊዮን ኦም ነው። መካነ ሰላም ላይ ክራር ለመቅረጽ የሚነሳ ባለሙያ ለቤዝ ጊታር ከተመረጠው ውድ ሣጥን ይልቅ እንዲህ ያለውን ቢይዝ ይጠቀማል።

የሆቴል አዳራሹን ሙቀት ማጣት የማይፈልግ ደግሞ ሁለቱንም ያደርጋል። ዲ አይ ሣጥኑ ላይ «ትሩ» የሚባል ሁለተኛ ጃክ አለ፤ ከዚያ ወደ አምፕ ይሄዳል፣ አምፑ ፊትም ማይክ ይቆማል። ማይኩ ከስፒከሩ 30 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ድምፁ ከዲ አዩ አንድ ሚሊ ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ይህ ሳይታረም ሁለቱ ሲደመሩ ቤዙ ይሳሳል፤ ስለዚህ ቀራጩ ኮምፒውተሩ ላይ የማይኩን ሞገድ ያን ያህል ቀደም እንዲል ጎትቶ ሁለቱን ያጋጥማቸዋል።