ጀማሪ ሯጮችን በቡድን ማሠልጠን፦ የፍጥነት ልምምድ እንዴት ይመራል?

ጀማሪን ከሩጫ ከሚያርቁት ምክንያቶች አንዱ ከአቅም በላይ በኾነ ፍጥነት መጀመር ነው። በቡድን ሲሮጥ ደግሞ ፈተናው ይበረታል፤ ኹሉም የፊተኛውን ለመከተል ይጣጣራልና። ስለዚህ የአሠልጣኙ ቀዳሚ ተግባር እያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱን ፍጥነት እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

ፍጥነት ሲባል

በሩጫ ልምምድ ፍጥነት የሚገለጸው አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ በሚወስደው ጊዜ ነው። 10 ኪሎ ሜትርን በ70 ደቂቃ የሚያጠናቅቅ ሰው አማካይ ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ነው። በ400 ሜትር መም ላይ አንዱን ዙር በ2 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ይጨርሳል ማለት ነው።

ሰዓት ለሌለው ሯጭ ትንፋሽ መለኪያ ይኾነዋል። በሶምሶማ ሩጫ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ይቻላል፤ በመካከለኛ ፍጥነት ጥቂት ቃላት ብቻ ይወጣሉ፤ በከፍተኛ ፍጥነት ግን መናገር ያዳግታል።

መሠረቱን መጣል

የፍጥነት ልምምድ የሚጀመረው ሠልጣኙ ሳያቋርጥ 30 ደቂቃ ሶምሶማ መሮጥ ሲችል ነው። እስከዚያው አንድ ደቂቃ መሮጥና ኹለት ደቂቃ መራመድን ዐሥር ጊዜ መደጋገም በቂ ነው። የሩጫው ጊዜ በየሳምንቱ ቀስ እያለ ይጨምራል።

የልምምዱ አካሄድ

ቡድኑ በዕድሜ ወይም በጾታ ሳይኾን በአቅም ይከፈል። በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ልምድ ያለው ሯጭ ቢመደብ ብቻውን ወደ ኋላ የሚቀር አይኖርም።

ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሰውነትን ካሟሟቁ በኋላ 400 ሜትርን በመካከለኛ ፍጥነት ስድስት ጊዜ መሮጥ፣ በየመሐሉም ኹለት ደቂቃ መራመድ ለጀማሪ ተስማሚ ነው። አሠልጣኙ የየዙሩን ሰዓት ይመዝግብ። ስድስተኛው ዙር ከመጀመሪያው ጋር ከተቀራረበ ፍጥነቱ ትክክል ነበር፤ እጅግ ከዘገየ አጀማመሩ የፈጠነ ነበር። በመጨረሻም 10 ደቂቃ በዝግታ ሮጦ ሰውነትን ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

መም በሌለበት አካባቢ ፋርትሌክ ያገለግላል። ይህ ስልት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በስዊድናዊው አሠልጣኝ ጎስታ ሆልመር የተቀመረ ሲኾን፣ ትርጉሙ «የፍጥነት ጨዋታ» ነው። አንድ ደቂቃ ፈጠን፣ ኹለት ደቂቃ ዝግ ይባላል። ፊሽካ ሲነፋ የቀደሙት ዞረው በሶምሶማ ወደ መጨረሻው ሯጭ ይመለሳሉ፤ ቡድኑም ሳይበተን ኹሉም በዐቅሙ ይሠራል።

ጥንቃቄ

እንዲህ ያለው ልምምድ መጀመሪያ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ቀኑን ሲያርስ ወይም ሲያጭድ የዋለ አርሶ አደር ያን ቀን ከባድ ሥራ እንደሠራ ሊቆጠርለት ይገባል። ምግብና ውኃ ሳይቀምስ የሚጾምም በዚያ ሰዓት ከሶምሶማ ባያልፍ ይመረጣል።

ከፍታም ፍጥነትን ይለውጣል። በባሕር ዳር፣ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የለመደ ሯጭ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው ደብረ ብርሃን ሲወጣ በተመሳሳይ ትንፋሽ ይዘገያል። ስለዚህ በሰዓቱ ሳይኾን በትንፋሹ ይመራ።

የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሩጫው ወዲያው መቆምና ሠልጣኙም ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።