ሞተርና ተሸካሚው፦ በአገራችን በእጅ ከተሠሩ አይሮፕላኖች ታሪክ

በቦረናና በሣይንት ደጋ የሚያርስ ገበሬ፣ በሬዎቹ ምንም ቢበረቱ ሞፈሩ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ እርሻው እንደማይሠምርለት ያውቃል። ስለዚህ ጥማዱን ከማውጣቱ በፊት ሞፈሩን ይዳስሳል፣ ወገሉን ያጠብቃል፣ ምራኑን ይመለከታል። ኃይል ብቻውን ሥራ አይሠራምና፤ ኃይሉን የሚይዝና የሚሸከም ነገር ያስፈልገዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደዚሁ ወደ እኛ አገር፣ ወደ መቅደላ አምባ በተጓዘ ጊዜ፣ መንገድ መጥረጉና ሠረገላውን መጎተቱ ወራት እንደ ፈጀ ታሪክ ይነግረናል። መድፉን ከመሥራት መድፉን መሸከም አላነሰም ማለት ነው።

የአይሮፕላንም ነገር እንደዚሁ ነው። አይሮፕላን የሚያይ ሰው ሁሉ የሞተሩን ጉልበት ይጠይቃል እንጂ ሞተሩን ከገላው ጋር አያይዞ ስለሚይዘው ተሸካሚ ብረት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ በአገራችን በእጅ የተሠሩትን አይሮፕላኖች ታሪክ መነሻ አድርገን፣ ይህ ተሸካሚ ብረት ለምን እንደሚደክምና ሲደክምም እንዴት እንደሚታደስ ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ነው። እርሱም ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ነበረ። ወዲያው ኢትዮጵያውያን ወጣቶች የመብረርን ትምህርት ጀመሩ፤ ከመጀመሪያዎቹም አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ይገኙበታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ነገሩ ከመብረር አልፎ ወደ መሥራት ደረሰ። ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ አብራሪና መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ፣ «ኢትዮጵያ 1» የተባለችውን ትንሽ አይሮፕላን በአዲስ አበባ ሠራ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስምም «ፀሐይ» ተብላ ተጠራች። ሞተሯ ዋልተር ቬኑስ የተባለ የቼኮዝሎቫኪያ ሥራ ሲሆን፣ 7 ሲሊንደሮች በክብ የተደረደሩበትና 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበረ።

ፀሐይ የበረረችው በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር 26 ቀን የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሐኪም ቤት እንኳ አልተረፈም። በዚህም አይሮፕላን በወሎ ሕዝብ ላይ እሳት የሚያዘንብ ጠላት ሆኖ መጣበት፤ በአዲስ አበባ ግን በዚያው ዘመን ጥቂት ሰዎች የራሳችንን አይሮፕላን ይገጣጥሙ ነበር። የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ፀሐይ ተማርካ ወደ ኢጣልያ ተወሰደች። በዚያም በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ብዙ ዘመን ከቆየች በኋላ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

አሁን ወደ ሞተሩ እንመለስ። በደጋ አገር የሚሠራ ሞተር አንድ ትልቅ ችግር አለበት። ከተማችን መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 77 እጅ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነውና፣ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይቀንሳል። በባሕር ዳር 115 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር በእኛ ሜዳ ላይ 86 ያህል ቢሰጥ ነው። በአዲስ አበባም ጉድለቱ ከዚህ ብዙ አያንስም። በዚህ ምክንያት በደጋ አይሮፕላን የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ተለቅ ያለ ሞተር ይመኛል። ተለቅ ያለ ሞተር ግን ከባድ ነው። ጭነቱ ሁሉ የሚወድቀውም በዚያው በማይታየው ተሸካሚ ብረት ላይ ነው።

ይህ ተሸካሚ ብዙውን ጊዜ ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች የተበየደ ሲሆን፣ አንዱ ጫፉ በሞተሩ ጀርባ፣ ሌላው ጫፉ በአይሮፕላኑ ገላ ላይ በብሎን ይታሠራል። ቱቦዎቹ የሚቀጣጠሉት በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ነው። ምክንያቱን ማንም ተማሪ በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል፤ አራት እንጨቶች ጫፍ ለጫፍ ተቸንክረው ቢገፉ ይጣመማሉ፣ ሦስት እንጨቶች ግን ካልተሰበሩ በቀር ቅርጻቸውን አይለውጡም። ስለዚህ የተሸካሚው ጥንካሬ የሚገኘው ከብረቱ ውፍረት ይልቅ ከቅርጹ ነው።

ተሸካሚው የሚሸከመው የሞተሩን ክብደት ብቻ አይደለም። 100 ኪሎ የሚመዝን ሞተር፣ አይሮፕላኑ በድንገት አፍንጫውን ቢያቀና ወይም ኃይለኛ ነፋስ ቢመታው፣ እንደ 400 ኪሎ ሆኖ ሊጫን ይችላል። ከዚህም ሌላ ንዝረት አለ። በደቂቃ 2700 ጊዜ የሚዞር ሞተር በአንድ ሰዓት 162,000 ጊዜ ይዞራል። አራት ሲሊንደር ያለው እንደ ሆነ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚተኩስ፣ ተሸካሚው በሰዓት 324,000 ጊዜ ይመታል። አንድ ጊዜ ቢያጥፉት የማይሰበር ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲያጥፉት እንደሚበጠስ፣ ብረትም በትንሽ ነገር ግን በተደጋገመ ጭነት ይደክማል። ድካሙም በመጀመሪያ የሚታየው ብየዳው ካለበት አጠገብ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ነው።

ይህ ድካም በትናንሾቹ ብቻ የሚደርስ አይምሰለን። ሎክሂድ ኤሌክትራ የተባሉ፣ እያንዳንዳቸው አራት ሞተር ያላቸው ሁለት ትላልቅ የመንገደኛ አይሮፕላኖች፣ አንዱ በመስከረም ሁለተኛው በመጋቢት 1952 ዓ.ም. በአሜሪካ ሰማይ ላይ ክንፋቸው ተገንጥሎ ወደቁ። በመጀመሪያው 34፣ በሁለተኛው 63 ሰዎች ሞቱ። መሐንዲሶች ነገሩን መርምረው የደረሱበት ይህ ነው። የሞተሩ ተሸካሚ ሲላላ፣ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ዘንጉ እንደ ተጣመመ እንዝርት ራሱን እያዞረ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜውም ከክንፉ ንዝረት ጋር ሲገጥም ክንፉን እስከ መስበር ይደርሳል። መድኃኒቱም የሞተሩን ተሸካሚና ዙሪያውን ማጠንከር፣ ክንፉንም ማጽናት ሆነ። እስከዚያም ድረስ አይሮፕላኖቹ ፍጥነታቸውን ቀንሰው እንዲበሩ ታዘዘ። ከተጠናከሩ በኋላ ብዙ ዓመታት አገልግለዋል።

የመጀመሪያዎቹም በራሪዎች ቢሆኑ ከዚህ ፈተና አላመለጡም። ራይት የተባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ ለመብረር ሲዘጋጁ፣ የሞተሩ ርግጫ የፕሮፔለሩን ባዶ ቱቦ ዘንግ ሰነጠቀባቸው። ኦርቪል ራይት ወደ ከተማው ተመልሶ በቱቦው ፈንታ ድፍን የብረት ዘንግ ሠርቶ አመጣ፤ በታኅሣሥ 17 ቀንም በረሩ። ስንጥቁን ሳያዩ ወይም አይተው ችላ ብለው ቢነሡ ኖሮ ታሪካቸው ሌላ በሆነ ነበር።

ከዚያ ዘመን ወዲህ በግል አይሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች በዓለም ላይ በዝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1929 በርናርድ ፒተንፖል የተባለ አሜሪካዊ የፎርድ አውቶሞቢል ሞተር በእንጨት አይሮፕላን ላይ አስገጥሞ አበረረ። ኋላም ክፍሎቹ ሁሉ ተዘጋጅተው በሣጥን የሚሸጡ፣ ገዢው ራሱ በቤቱ የሚገጣጥማቸው አይሮፕላኖች ተለመዱ። በእነዚህ ዘንድ የተሸካሚው ድካም የሚመጣው ብዙ ጊዜ በአራት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ገጣጣሚው ንድፉ ከሚፈቅደው የከበደ ሞተር ሲያስገባ ነው። ሁለተኛ፣ ፕሮፔለሩ ሚዛኑን ሲስት ነው። ሦስተኛ፣ የፊት ጎማው ከዚያው ተሸካሚ ጋር የታሠረ ሲሆንና አይሮፕላኑ በኃይል ሲያርፍ ነው። አራተኛ፣ ብየዳው በችኮላ ሲሠራ ነው።

ጥገናውም ሥርዓት አለው። ስንጥቅ የታየበት አይሮፕላን መብረሩን ወዲያው ያቆማል። ሞተሩ ይወርዳል፣ ተሸካሚው ይፈታል፣ ቀለሙ ተፍቆ ይታጠባል። ከዚያ ቀይ ፈሳሽ ይቀባና ይጠረጋል፤ ነጭ ዱቄት ሲነሰነስበት፣ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ እንደ ደም ሥር ወጥቶ ይታያል። በስንጥቁ ላይ እንዲሁ ብየዳ መደረብ መጠገን አይደለም፤ እሳቱ አጠገቡ ያለውን ብረት ስለሚለውጠው ከጎኑ አዲስ ስንጥቅ ይወልዳልና። የሚገባው የተጎዳውን ቱቦ ቆርጦ በአዲስ መተካት፣ በመጋጠሚያውም ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት መጨመር ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ተሸካሚው ነጭ ወይም ሌላ ፈዘዝ ያለ ቀለም ቢቀባ፣ ወደፊት የሚመጣው ስንጥቅ በቶሎ ይታያል።

ሆኖም ብረቱን ብቻ ማጠንከር አይበቃም። ሞተሩና ተሸካሚው በሚገናኙበት ቦታ ጎማ ይገባል። የጎማውንም ጥቅም የእኛ ገበሬ ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል፤ ሞፈርና ቀንበር የሚታሠሩት በብረት ሳይሆን በጠፍር ምራን ነው። ምራኑ ይለመጣል እንጂ አይሰበርም፤ የበሬዎቹንም ግፊያ ያበርዳል። ጎማው እንደዚሁ ንዝረቱን ያበርዳል። ነገር ግን በሙቀትና በዘይት ስለሚበላሽ በጊዜው መለወጥ አለበት። ደግሞም ከባድ ብረት ከፊት ሲጨመር የአይሮፕላኑ ሚዛን ወደ አፍንጫው ስለሚያደላ፣ ከጥገና በኋላ እንደገና መመዘን ግድ ነው። ሞተሩ በአየር ላይ ቢገነጠል ደግሞ ጉዳቱ ጉልበት ማጣት ብቻ አይደለም። የፊቱ ክብደት በአንድ ጊዜ ስለሚጠፋ ሚዛኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አብራሪው ተንሳፍፎ ሊያርፍበት የሚችለው አይሮፕላን አይቀርለትም።

በእኛም ዘመን የቬበርንና የባልንጀሮቹን መንገድ የተከተለ ኢትዮጵያዊ አለ። አስመላሽ ዘፈሩ የጤና ትምህርት የተማረ ሲሆን፣ በመጻሕፍትና በኢንተርኔት ፊልሞች እየተማረ፣ ከሰበሰባቸው ያገለገሉ ዕቃዎችም እየተጠቀመ አንድ አይሮፕላን ሠራ። ሞተሩ ከፎልክስዋገን መኪና የተወሰደ ነው። ሥራው 570 ቀን ስለ ፈጀና የእናቱ ስም ኪሮስ ስለ ሆነ «ኬ-570ኤ» ብሎ ሰየመው። በ2007 ዓ.ም. ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ አልሠመረም፤ እርሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። የመኪና ሞተር በመኪና ውስጥ መንኰራኩር ሊያዞር የተሠራ እንጂ ፕሮፔለር ሊሸከም የተሠራ አይደለምና፣ ይህን ማስማማት ከሁሉ የከበደ ሥራ እንደ ሆነ ከላይ ከተናገርነው መረዳት ይቻላል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? በአገራችን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎች አብራሪ ለመሆን ይመኛሉ። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ አይሮፕላን በሰላም የሚበረው፣ ሌሊት በእጅ መብራት ብየዳውን የሚመረምር፣ ብሎኑን በልክ የሚያጠብቅ፣ ስንጥቅ ባየ ጊዜም «ዛሬ አይበርም» ብሎ ለመናገር የማይፈራ ሠራተኛ ሲኖር ነው። አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጩን ሲንቁ ኖረዋል፤ ያለ እርሱ ማረሻ ግን አልነበረም። ወላጆቻችን ልጃቸው በያጅ ወይም መካኒክ ልሁን ቢላቸው እንዳያዝኑ፣ መምህራኖቻችንም ከመጽሐፉ ጋር መፍቻውን በእጃችን እንዲያስይዙን እንለምናለን። እኛም ተማሪዎች የሞተሩን ድምፅ ስናደንቅ፣ ሞተሩን ዝም ብሎ የሚሸከመውን ብረት መመልከት እንልመድ።